መኪናም እግሩን ይታመማል

በእኛ አገር መኪና እግር አለው። ከሻንሲው በታች ሆኖ ጎማውን የሚይዘውን፣ ጉድጓዱን የሚውጠውንና ጭነቱን የሚሸከመውን ክፍል ሁሉ መካኒኮቻችን ባጭሩ «እግር» ይሉታል። «እግሩ አልቋል»፣ «እግር ሥራ ይፈልጋል»፣ «እግሩን ያሠራሁት አምና ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ብዙ የሰው እግር አስሬያለሁና ስያሜው ደስ ይለኛል። የመኪና እግርንም ከኋላ ወንበር በሽተኛ ይዤ እየተቀመጥሁ በወገቤ አውቄዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር እግር ሲፈታና ሲገጠም ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መኪናው የወንድሜ ልጅ ንብረት ነው። ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ ሹፌሮች «ሎንግ ቤዝ» የሚሉት፣ ከኋላው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ነው። ቀድሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በጨረታ ሲሸጥ ገዛው። በአዘቦት ቀን ከነፋስ መውጫ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ሲያሻውም እስከ ስማዳ ወገዳ ሰውና እህል ያመላልስበታል። ክረምት ሲገባና የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ቀበሌ ሲሄድ ግን ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለእርሱ ነው። ምጥ የጠናባት፣ ከዛፍ የወደቀ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ በዚያ መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰዳል። የሰፈራችን እድር ከልጁ ጋር ስምምነት አለው። በሽተኛ ሲያደርስ የናፍጣውን ብቻ ይቀበላል፤ ትልቅ ጥገና ሲመጣ ደግሞ እድሩ ከወጪው ግማሹን ይሸፍናል። ስለዚህ የዚህ መኪና እግር በእድር ስብሰባ ላይ ከድንኳኑና ከድስቱ እኩል ይነሳል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገር። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ስሟን በትክክል የተሸከመች ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚገባው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። ዛሬ አስፋልት ለብሶም ሽማግሌዎቻችን «የቻይና መንገድ» ማለቱን አልተዉም። ከዚያ መንገድ ወርዶ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ጉናን ዞሮ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰው ግን ጠጠርና ድንጋይ፣ ጭቃና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። አገሩ ከጉና ጫፍ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ስለሆነ ለጥ ያለ ሜዳ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስወለዱትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ዓለቱ እየተፈለጠ፣ መንገዱ እየተደለደለ ወራት ፈጅቷል። የዚያን ሠረገላ እግር ማን ይጠግነው እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን ወደ መኪናው እግር ልግባ። ስሞቹን አብዛኞቹን ጣሊያን ትቶልን የሄደ ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቴስቲና፣ ሞርሳ፣ ክሪክ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ባሌስትራ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ናቸው፤ ጭነቱን ይሸከማሉ። ሞላ የተጠቀለለው ብረት ነው፤ የእርሱም ሥራ መሸከም ነው። ሾክ አብዞርበር ግን ብዙ ሰው እንደሚመስለው ጭነት አይሸከምም። በውስጡ ዘይት አለው፤ ያ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የባሌስትራውንና የሞላውን መዝለል ያበርዳል። ሾክ የሌለው መኪና ጉድጓድ ከመታ በኋላ ጉድጓዱን አልፎም መዝለሉን አያቆምም። ጎሚኒ፣ ቡሽ የሚሉትም አሉ፣ ብረትና ብረት በሚገናኙበት ሁሉ የሚገባ ላስቲክ ነው። በጉልበታችን አጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ሽፋን አስቡ። እርሱ ሲያልቅ አዛውንት ጉልበታቸው «ቋ» እንደሚል፣ መኪናም ይላል።

የላንድክሩዘር 70 የሚባለው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። የከባድ ሥራው ዓይነት መጀመሪያ ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊቱ ወደ ሞላ ተቀየረ፤ ኋላው ባሌስትራ ሆኖ ቀረ። ይህን የምነግራችሁ ታሪክ ለማብዛት ብዬ አይደለም፤ ዕቃ ስትገዙ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱ መኪኖች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፣ የፊት እግራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ስጀምር ለክትባት የምንወጣባቸው መኪኖች አራቱም እግራቸው ባሌስትራ ስለነበር፣ ማታ ስንመለስ የክትባት ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት ወገባችንን ይዘን ግድግዳ እንደገፍ ነበር።

የወንድሜ ልጅ መኪናው እንደታመመበት የነገረኝ ቡና ላይ ነው። እኔም በልማዴ እንደ በሽተኛ ጠየቅሁት። መቼ ጀመረ? ከፊት ነው ከኋላ? ፍሬን ስትይዝ ነው ስትዞር? ባዶ ሲሆን ነው ሲጫን? መልሱ የተደባለቀ ነበር። ፍሬን ሲይዝ ከፊት በኩል «ዷ» የሚል ድምፅ አለ። አስፋልት ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጉድጓድ ከነካ መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቆሞ ሲታይ ወደ ኋላ ግራ ያዘነብላል። የፊት ጎማዎቹም በማንኪያ የተጨለፉ ይመስል እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብለዋል። እንግዲህ ይህ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ነው። ለአራቱም አንድ መድኃኒት አዝዞ የሚሸኝ ጋራዥ አለ፤ «አራት ሾክ ቀይርለት» ይልና ገንዘቡን ይቀበላል። የእኛ መካኒክ ግን እንዲህ አላደረገም፤ መጀመሪያ በጀርባው ተኝቶ ገባ።

ከታች ሆኖ የሠራውን ቁጭ ብዬ አየሁ። በዲጅኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይጎነትላል። የፊቱን አክስል ወደ ኋላ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ወፋፍራም ክንዶች አሉ፤ የእነርሱ ጎሚኒ ተሰነጣጥቆ መሃሉ ላይ ያለው የብረት ቱቦ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው «ዷ» የመጣው ከዚያ ነው። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒውም እንደዚያው። የመሪው መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ከዚህ፣ ከቴስቲናና ከጎማ መዛባት አንድ ላይ የሚመጣ ነው። ሁለቱ የኋላ ሾኮች ከላይ እስከ ታች በዘይት ረጥበው አቧራ ጋግረዋል፤ ዘይቱ ከወጣ ሾኩ ቱቦ ብቻ ነው። የማዘንበሉም ምክንያት ተገኘ። የኋላ ግራው ባሌስትራ ዋናው ቅጠል ከጆሮው አጠገብ ተሰንጥቋል። «ሲስተር፣ ነይ እዪው፣ ይሄ ስብራት ነው» አለኝ መካኒኩ። በባትሪ አየሁት። ፀጉር የምታህል መስመር ናት፤ ዝገቱ ግን ቢያንስ አንድ ክረምት እንዳሳለፈች ይናገራል።

ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ጎልማሳ ወደ ውስጥ ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ሊፈስሰው ይችላል። እግሩ በደንብ ሳይታሰር እያንዳንዱ ዝላይ የተሰበረውን አጥንት ሥጋው ውስጥ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሕመሙም መድማቱም ይጨምራል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳት እናት ደግሞ ጊዜዋ በደቂቃ ይቆጠራል። በእናቶች ጤና ትምህርት «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባሉ አሉ። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን ላይ፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ የሚገጥም ነው። ሁለተኛው መዘግየት በእኛ አገር ግማሹ መንገድ ከሆነ ግማሹ የመኪና እግር ነው። እግሩ የደከመ መኪና ሹፌር ወይ በሽተኛውን እያነጠረ ይፈጥናል፣ ወይ ለበሽተኛው አዝኖ ያዘግማል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ሹፌሩም ቢሆን ሰው ነው። ቀን ከሌት የሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ለወገብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ በብዙ አገር ተጠንቷል፤ ጤና ጣቢያ ሳለሁም ወገቤን ብለው ከሚመጡት ወንዶች ውስጥ ሹፌሮች አይጠፉም ነበር።

የእድሩ ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ የተከበሩ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ ያሳለፉ፣ «የተሰነጠቀው ይበየድ፣ በላዩም ሁለት ሁለት ባሌስትራ ይጨመርበት፤ ከዚያ ወዲያ አይሰበርም» አሉ። የወንድሜ ልጅም ይህን ወደደው፤ ባሌስትራ ሲጨመር ጣሪያው ላይ የሚጫነው ኩንታል ይጨምራልና። «እትዬ፣ እኔን የሚያበላኝ እህሉ እንጂ በሽተኛው አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ስለ ርኅራኄ ብቻ አውርቼ ልረታው አልቻልሁም፤ መካኒኩ ረዳኝ።

የባሌስትራ ብረት በፋብሪካ በልክ ሞቆ፣ በልክ ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው። ብየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬ በዙሪያው ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰበራል፣ የሚሰበረውም ተጭኖ ቁልቁለት ላይ ሳለ ነው። ቅጠል መጨመር ደግሞ መኪናውን ከኋላ ያነሣዋል፣ ያደነድነዋልም። ከኋላው ወንበር የሚቀመጥ ሰው የሚቀመጠው በቀጥታ ከባሌስትራው በላይ ስለሆነ ድንጋዩን ሁሉ በአጥንቱ ይቆጥራል። አዛውንቱን ራሳቸውን ያሳመነው ግን የፍሬኑ ነገር ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ መኪኖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ አለ። መኪናው ሲጫንና ወደ ታች ሲወርድ የኋላውን ፍሬን ያጠነክራል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ያላላዋል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ከፍ ካደረጋችሁት ተጭኖም ባዶ ይመስለዋል። ወደ በሽሎ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርሳቸው ማስረዳት አላስፈለገም። ዝም ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

መጨረሻ ላይ እንዲህ ተስማማን። ባሌስትራው በመደበኛው ይቀየራል፣ ጥንድ ሆኖ፣ ግራውም ቀኙም። የወንድሜ ልጅ ጣሪያው ላይ የሚጭነውን ይቀንሳል፤ በለውጡ እድሩ በዚህ ጊዜ ከግማሽ አልፎ የወጪውን ሁለት ሦስተኛ ይሸፍናል። ሁለት አባላት አጉረመረሙ፤ አንዷ ምራቴ ነበረች።

ዕቃውን ያመጣነው ከአዲስ አበባ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራን የማያውቅ ባለመኪና የለም፤ አዲሱም ያገለገለውም፣ ዋናውም ቅጂውም እዚያ ይገኛል። እኅቴ ልጅ ስለሆነ የላክነው ወጣት መጀመሪያ ያስያዝነው የሻንሲ ቁጥሩንና የአሮጌዎቹን ዕቃዎች ፎቶግራፍ ነበር። በቃል «የላንድክሩዘር» ብሎ መጠየቅ ከላይ ባልሁት ምክንያት ዋጋ የለውም። ላስቲክ ሲገዛ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ላስቲክም ያረጃል። ጎንበስ አድርጎ ሲያጥፉት ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ መመለስ ነው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራ ጎሚኒም አለ። ዕድሜው ረጅም ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ይደርቃል፣ ንዝረቱንም ይበልጥ ያስተላልፋል። በሽተኛ ለሚጭን መኪና ለስላሳው ላስቲክ ይሻላል ብዬ ያንን አስመረጥሁ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ በእጅ የሚሠራውንም አልንቅም፤ መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ቤት ያደርሳል። ለክረምት ግን አይሆንም።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። ዋዜማው ማታ የዛጉት ብሎኖች ሁሉ ነጭ ጋዝ ጠጥተው አደሩ። ጠዋት መኪናው በክሪክ ተነሣና ሻንሲው ሥር ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ገባ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባን ወጣት ካያችሁ በእግሩ ጎትታችሁ አውጡልኝ። የተጨፈለቀ ደረት ያየ ሰው ይህን ደጋግሞ ቢናገር አይፈረድበትም።

ከፊት ሾኮቹና ያ የጎን ዘንግ ሲፈቱ አክስሉ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሞላው ያለ ብዙ ትግል ወጣ። እዚህ ላይ መካኒኩ አንድ ነገር አደረገ፤ አክስሉ ሲወርድ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር በእጁ እየነካ ይመለከት ነበር። ቱቦው አክስሉን ተሸክሞ ከተንጠለጠለ ከውስጥ ይቀደዳል፣ ከውጭ አይታይም። ሞላዎቹ ቁመታቸው ሲለካ እኩል ስለነበሩ ተመልሰው ገቡ፤ ሳያስፈልግ አልተቀየሩም። አሮጌው ጎሚኒ በመጋዝ ተሰንጥቆ ወጣ፤ አዲሱ በሞርሳ እየተጫነ ገባ። ረዳቱ ልጅ ግራሶ ሊቀባው ሲል መካኒኩ ከለከለው። ግራሶና ዘይት ላስቲኩን ያብጡታል፣ ያሟሙታልም፤ ለማንሸራተት የሳሙና ውኃ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የተማርሁት የማጥበቁን ሰዓት ነው። የጎሚኒ ብሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻ አይጠብቁም። በእጅ ያህል ይያዙና መኪናው በጎማው ከቆመ፣ ክብደቱም ከወረደ በኋላ ነው የሚጠበቁት። ተንጠልጥሎ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጣምሞ ይቀራል፤ ቆሞ ሳለ እንኳ እንደተጠመዘዘ ነው፣ በጥቂት ወር ውስጥም ይቀደዳል። ብዙ ሰው «ዕቃው ቅጂ ነበር» ብሎ ነጋዴውን የሚረግመው እንዲህ የተገጠመ ጎሚኒ ሲበላሽበት ነው። ጀሶ ስናስር መገጣጠሚያው በምን ያህል ታጥፎ መታሰር እንዳለበት የምንጨነቀውን ያህል መሆኑ ነው።

ከኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት በ«ዩ» ቅርጽ የታጠፉ ብሎኖች አዲስ ገቡ። አንድ ጊዜ ተወጥረው የኖሩት ስለሚለጠጡ አሮጌዎቹን መመለስ አይመከርም። አራቱም ዳዶ በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ፣ እኩል ተጠበቁ። አሮጌዎቹን ቅጠሎች አንድ ባለ እጅ መጥቶ በደስታ ገዛቸው፤ በእኛ አገር የባሌስትራ ብረት ለመጥረቢያና ለማረሻ ተፈላጊ ነው።

የጎማውን ንፋስም በዚያው አስተካከልን። ብዙ ሹፌር ለጭነት ብሎ ጎማውን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ባዶ ሲሄድ ያ የተወጠረ ጎማ ራሱ ድንጋይ ነው፤ በጠጠር መንገድ ላይ ጥቂት ማስተንፈስ ለበሽተኛውም ለሾኩም እረፍት ነው። እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ባለ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት መንዳትም የሾኩን ዘይት ያሞቀዋል፤ የሞቀ ዘይት ደግሞ ማብረዱን ይቀንሳል። መሃል ላይ ቆም ማለት አይጎዳም። በሽተኛ ከተጫነ ደግሞ በተቻለ መጠን ወደ ፊት፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ይተኛ፤ ከኋላ አክስል በላይ ያለው ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ይዘላል። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ስብራት ያለበት ሳይታሰር አይንቀሳቀስ። ይህን ከወንድሜ ልጅ ወንበር ፊት ለፊት በወረቀት ጽፌ ለጥፌለታለሁ።

ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ አላይመንትና ባላንስ አሠራ። የተጎደጎዱት የፊት ጎማዎች ወደ ኋላ ሄዱ፤ ድምፃቸው እስኪያልቁ ድረስ ይኖራል። የመሪው መንቀጥቀጥ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቴስቲናዎቹ ገና አልተቀየሩም። ፍሬን ሲይዝ የነበረው «ዷ» ግን የለም።

ከመጀመሪያው የአርብ ገበያ ጉዞ ሲመለስ መካኒኩ እንዳዘዘው እንደገና ከሥሩ ተገባ። የኋላዎቹ ዳዶዎች ሩብ ዙር ያህል ተጨማሪ ወሰዱ። የቴስቲናው ገንዘብ ጉዳይ በሚመጣው ወር የእድር ስብሰባ ላይ ይቀርባል፤ ምራቴም እንደምትገኝ ነግራኛለች።